መጀመሪያ ለኔ ደውሉ

በሕይወቱ ከስትሮክ ያዳናቸው ታማሚዎች ሁሉ ጭራ ነበራቸው። ይህን እሱ አይለውም፤ እሱ ሥራውን ሲጠየቅ መነጽሩን ገፋ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ «የስትሮክ ተመራማሪ ነኝ» ነው የሚለው። ባልደረቦቹ ግን ዘወር ሲልላቸው «የአይጥ ሐኪሙ» ይሉታል። ቅጽል ስሙ ሐሜት ቢመስልም ውሸት የለበትም። አይጦቹን በእርግጥ ያድናቸዋል። ስትሮኩን የሚሰጣቸውም እሱ ራሱ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ላብራቶሪው የሚገባው አይጥ እንዲሁ ዝም ብሎ አይጥ አይደለም። ወንድ ነው፤ ሴቶቹ ውጤት ያዛባሉ ተብሎ አይታዘዙም። ወጣት ነው። ክብደቱ ከጎረቤቱ ክብደት ጋር ልክክ ይላል። ደም ግፊት የለበትም፣ ስኳር የለበትም፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ልጆቹ አያበሽቁትም፤ የሚበላው ተመዝኖ፣ የሚጠጣው ተጣርቶ ነው። የሚኖርበት ክፍል አይሞቅም አይበርድም። ረፋድ ላይ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሰውዬው በአንገቱ ደም ሥር በኩል ቀጭን ክር ሽቅብ ይገፋና ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም ይዘጋል። ይኸው ስትሮክ ተባለ። መድኃኒቱ መርፌ ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ እየጠበቀ ነው፤ ክሩ ከመሳቡ ይወጋል። በዚህ ዓለም ላይ ስትሮክ በቀጠሮ የሚመጣበት፣ መድኃኒቱም ከሕመሙ ቀድሞ የሚደርስለት ፍጡር ቢኖር ይህ አይጥ ብቻ ነው።

ከቀናት በኋላ ፈተና አለ። አይጡ መስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባና በጠባብ ቀዳዳ በኩል የሱፍ ፍሬ ይቀርብለታል። በታመመው እጁ ፍሬውን አንሥቶ አፉ ካደረሰ «ያዘ» ይባላል፤ ከጣለው «አልያዘም»። ሰውዬው ከሳጥኑ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ ይፈርዳል። ችግሩ መርፌውን የሚወጋውም እሱ ስለሆነ የትኛው አይጥ መድኃኒት እንዳገኘ፣ የትኛው ጨው ያለበት ውኃ ብቻ እንደተወጋ ያውቃል። ዓይን ደግሞ የሚወደውን ነው የሚያየው። መድኃኒት ያገኘው አይጥ ፍሬውን ነካ አድርጎ ሲጥለው «ይዞት ነበር እኮ፣ አመለጠው እንጂ» ይልና ያዘ ይለዋል። ውኃ የተወጋው ያንኑ ሲያደርግ «ይሄ ደግሞ ምን ይይዛል!» ብሎ አልያዘም ይለዋል። ውሸታም ሆኖ አልነበረም። ልጁ መድረክ ላይ ሲዘፍን የሚሰማ አባት የተሰበረው ዜማ አይሰማውም፤ የሱም ነገር እንደዚያው ነበር። መድኃኒቱን አግኝቶም አልሻል ብሎ ድርቅ የሚል አይጥ ካጋጠመ ምክንያት አይጠፋለትም፤ ክሩ በደንብ አልገባም፣ መጀመሪያውኑ ጤነኛ አልነበረም፣ ብቻ አንድ ነገር ይፈለግለትና ከጥናቱ ይወጣል።

የላብራቶሪው ኃላፊ አንድ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሠራተኛው በሙሉ «ተስፋ ሰጪ» ይላቸዋል። ለማንኛውም ነገር የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነውና። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው። አዲሷ ጸሐፊ ተስፋ ሰጪ ናት። የካፍቴሪያውን ሾርባ እንኳ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሲገፉት «ተስፋ ሰጪ ነበር» ብለው ነው የሚነሡት። በሳቸው ዘመን ከዚያ ላብራቶሪ ብዙ መድኃኒት ወጥቷል፤ ሁሉም አይጥ አድኗል፣ ሁሉም በመጽሔት ታትሟል፣ ለሁሉም ተጨብጭቧል። ከዚያ ሆስፒታል ደርሶ ሰው ላይ ሲሞከር ውኃ በላው። አንድ እንኳ የተረፈ መድኃኒት የለም።

አንድ መድኃኒት ውኃ በበላው ቁጥር ታዲያ ጉባኤ ይጠራል። ርዕሱ ሁሌም «ለምን ወደ ሰው አልተሻገረም?» ነው። አዳራሹ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ መልሱም ያው። አንዱ ይነሣና «አይጦቻችን ጎረምሶች ናቸው፤ ታማሚዎቹ ግን አዛውንቶች» ይላል። ሌላው «ሴት አይጥ የለንም» ይላል። ሌላዋ «እኛ ወዲያው ነው የምንወጋው፤ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው?» ትላለች። ከኋላ ወንበር አንዱ ደግሞ «የሚፈርደው ሰው መድኃኒት ያገኘው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም» ሲል አዳራሹ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። የኛም ሰውዬ ይነቀንቃል፤ እንዲያውም ከሁሉም አብልጦ። ከዚያ ጉባኤው ያደለውን ቦርሳ አንግቶ ይመለስና በማግሥቱ ወጣት ወንድ አይጥ ያዛል። ለምን ቢባል፣ ሌሎቹም የሚያዙት እሱኑ ስለሆነ ነው። አይጥ እስኪያረጅ መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል፤ መጽሔቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ቤተሰቡ ዘንድ የአይጥ ሐኪም የሚባል ነገር አይታወቅም። እዚያ «ዶክተር» ነው። ማዕረጉን በአዋጅ ያጸናችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሕፃን ነበር፤ አጥባ ያለበሰችው፣ አብልታ ትምህርት ቤት የላከችው እሷ ናት። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቀኝ እጇ ጨርቅ ሲገፋ፣ አፏ ደንበኛ ሲሸነቁጥ ነው የኖረችው። አንዷ ደንበኛ ልኳን አስለክታ «ወገቡን ጠበብ አድርጊልኝ» ስትላት «ቀሚሱንስ አጠበዋለሁ፣ አንቺን ማን ያጠብልኛል?» ብላታለች። የተሸነቆጠው ሁሉ ስቆ ይወጣና ሌላ ቀን ሌላ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ይህች ሴት ወንድሟን ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ሚጢጢ» ስትለው ኖራ ዶክትሬቱን የያዘ ዕለት ስሙን ሻረችው። ከዚያ ወዲያ በስሙ የጠራውን ዘመድ ሁሉ «እሱ እኮ ለዚህ ብሎ ዓይኑን አጥፍቷል! ዶክተር በል!» ብላ ታፈጥበታለች። መነጽሩን ማለቷ ነው።

አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር፤ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ መዳፉ ላይ አይጥ አስቀምጦ። እህቱ ፎቶውን አሠርታ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው። ጨርቅ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ማየት ግዴታው ነው። «ስትሮክ ማለት እኮ ለሱ ጉንፋን ነው» ትላለች፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ። እሱም ይሰማል፤ «እትዬ፣ እንደሱ አይደለም» ማለት ይጀምርና ይተወዋል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ተስፋ ሰጪ ከመባል፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አዳኝ መባል ይበልጥ ይጥማል።

የእህቱ ልጅ ሥራ የያዘች ሰሞን ምሳ ተደርጎ ነበር። የእህቱ ባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መንገዱ ጭር ብሎም ቀይ መብራት አይጥስም፣ የተባለውን ነገር እንደተባለው የሚያደርግ ሰው። እሱ ነው በምሳው መሀል ማንኪያውን አስቀምጦ «ዶክተር» ያለው። «አያድርገውና ከኛ አንዱን ያ የናንተ በሽታ ቢይዘው ምንድን ነው የምናደርገው?»

መልሱ እኮ ቀላል ነበር። ሆስፒታል ውሰዱት፣ ደቂቃ አታባክኑ። ይህን ያውቃል፤ ከማወቅም አልፎ በየጥናቱ መግቢያ ላይ «ያለው ሕክምና የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ስለሆነ አዲስ መድኃኒት ያስፈልጋል» ብሎ የሚጽፈው እሱ ነው። ግን ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። እህቱ አገጯን በመዳፏ ይዛ፣ ሕፃን እያለ ፊደል ሲቆጥርላት በምታየው ዓይን ታየዋለች። «ሆስፒታል ሂዱ» የሚለውን ማንም መንገደኛ ይለዋል፤ ለዚያማ ዶክተር መሆን ምን ያደርጋል?

«መጀመሪያ ለኔ ደውሉ» አለ፣ አፉን ሞልቶ።

ቤቱ እፎይ አለ። እህቱ ካጠገቧ የነበረውን ሥጋ አንሥታ ሳህኑ ላይ ጨመረችለት።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት የእንጨት ሳጥን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና ላይ እያለ የአንዱ ባልደረባው ስልክ ይጮሃል፤ በየጎጇቸው የነበሩት አይጦች በርግገው የዕለቱ ሥራ ሁሉ ተበላሸ። ሰውዬው ጨሰ። ደንብ አወጣ። በአይጦቹ ክፍል በር ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ የእንጨት ሳጥን አሠርቶ አስመታ፤ በላዩም «ስልክዎን እዚህ ያስቀምጡ፤ ታማሚዎቻችንን አይረብሹ» ብሎ አጻፈበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን ጽሑፍ እያሳየ ይስቅ ነበር። ፕሮፌሰሩም አይተው «ተስፋ ሰጪ ሐሳብ ነው» ብለዋል።

ያ ቀን ሲመጣ እህቱ የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጠች ነበር። ባሏ የጠዋት ሻይዋን ይዞ ሲገባ መቀሱ መሬት ላይ ወድቋል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ቀኝ እጇን ታየዋለች፣ እጇ ግን የሷ አይመስልም። «ምን ሆንሽ?» ሲላት አንድ ድምፅ ከአፏ ወጣ፤ ቃል ግን አልነበረም። አፏ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ያ ሰፈሩ የሚፈራው ምላስ አፏ ውስጥ እንደ ጨርቅ ተኝቷል።

ከሱቁ መስኮት የሆስፒታሉ የውኃ ታንከር ይታያል። ያን ያህል ቅርብ ነው። ልጅቷ የአባቷን ጩኸት ሰምታ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«አባዬ፣ በቃ ሆስፒታል እንውሰዳት! ምን ትጠብቃለህ?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አትንኪያት። ዶክተር ምን አለ? መጀመሪያ ለኔ ደውሉ አላለም?»

«አባዬ፣ ሆስፒታሉ እኮ ይኸው ነው!»

«እሱ የሚያውቀውን እነሱ ያውቃሉ? ያለሱ ትእዛዝ የማይሆን መርፌ ቢወጓትስ? ማን ይመልሳታል? ቆይ፣ አሁን ያነሣል።»

ደወለ። አይነሣም። ደግሞ ደወለ። ሶፋው ላይ አስተኛት፣ ትራስ አደረገላት፣ ደወለ። ጎረቤት ሲመጣ «እየደወልን ነው» አለው። ሰውዬው አእምሮው አልጎደለም፤ ሚስቱንም ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳታል። ስለሚወዳት ነው የተባለውን በደንብ ያደረገው። ስልኩ መዳፉ ውስጥ ጋለ። ልጅቷ ለምና፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻ አባቷን ገፍታ ወጥታ ታክሲ ስታቆም ቀኑ ተጋምሶ ነበር፤ እሱ ሚስቱን በአንድ በኩል ደግፎ ታክሲው ውስጥ ሲገባ እንኳ ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር።

ስልኩ የት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። ሳጥን ውስጥ። ከበሩ ወዲያ፣ በጸጥታውና በቅዝቃዜው ውስጥ፣ ዶክተር አዲሱን መድኃኒት እየወጋ ነበር፤ ከስከዛሬዎቹ ሁሉ የበለጠ ተስፋ የጣለበትን። ተራ በተራ አንዱን አይጥ ያስተኛል፣ ክሩን ይገፋል፣ ይስባል፣ ሳይዘገይ ይወጋል። ያን ዕለት እጁ እንደልቡ ታዞለት፣ ለራሱ እያንጎራጎረ ነበር የሚሠራው። የመጨረሻውን አይጥ ወደ ጎጆው መልሶ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ሳጥኗን ሲከፍት ከእህቱ ቤት የተደወለለት ጥሪ የስልኩን መስኮት ሞልቶታል። ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ሁሉም አይጦች በሰዓታቸው ታክመዋል።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም የእህቱን ባል እየጠየቀችው ነው።

«መቼ ነው የጀመራት?»

«ጠዋት። ሻይዋን ሳመጣላት።»

«እና እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«ዶክተርን እየጠበቅን» አለና እየሮጠ የመጣውን ሰውዬ በጣቱ አሳያት። ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበረበት፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው።

ሐኪሟ ዞር አለች። «የት ሆስፒታል ነው የሚሠሩት?»

«እኔ... ላብራቶሪ ነኝ።»

«እሺ» አለች። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ ሰዓቱ እንዳለፈበት፣ አሁን ቢሰጣት አንጎሏ ውስጥ ደም ሊፈስ እንደሚችል በአጭሩ ነግራቸው ወደ ታማሚዋ ተመለሰች። ያን ዓረፍተ ነገር እሱ በየጥናቱ መግቢያ ላይ ስንት ጊዜ ጽፎት ኖሯል፤ ከሰው አፍ ሲሰማው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የእህቱ ባል ኮቱን ጨምድዶ ያዘው።

«በል ያንተን አምጣው።»

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን ነዋ! ላብራቶሪህ ፍሪጅ ውስጥ አለ ብለኸኝ የለም?»

«ጋሼ፣ እሱ ለሰው አይሰጥም።»

«አይጡን አላዳነም?»

«አድኗል።»

«ታዲያ እህትህ ከአይጥ ታንሳለች?»

ሰውዬው አፉን ከፈተ። እህቱ ሴት ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል። ደም ግፊት አለባት፣ ስኳር አለባት። ስትሮኩ በቀጠሮ አልመጣባትም፤ ከመጣባትም ሰዓታት አልፈዋል። እንደ እሷ ያለች አይጥ ላብራቶሪው በር ላይ ብትመጣ ውጤት ታበላሻለች ተብላ ከጥናቱ ትወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ግን ኮቱን ጨምድዶ ለያዘ ሰው እንዴት አድርጎ ይናገረዋል?

«አይሠራላትም ጋሼ» አለ።

«እንደሷ ባለ ላይ ሞክረኸዋል?»

«አልሞከርኩትም።»

«ለምን?»

ጉባኤ ላይ ቢሆን ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

እህቱ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሆነ፤ ከዚያ ሁሉ ንግግርም «እምቢ» እና «ሻይ» ብቻ ቀሩላት፤ አንዳንዴ ሻይ ስትፈልግ እምቢ ትላለች። ጠያቂ ቤቱን ሞላው። የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ሳያገኝ አይሄድም፤ ጥፋተኛውም ተገኘ። አንዲት ነገር የማይቀራቸው አክስት አሉ፤ እሳቸው ናቸው ትራሱ አጠገብ ተቀምጠው ያወጡት።

«ሰው እንዴት ሚስቱ እየተሰቃየች ስልክ ሲነካካ ይውላል? ወይ ጉድ! እንኳንም ዶክተር ደረሰላት እንጂ ይኼኔ ቀብረናት ነበር።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። የቢሮውን ስልክ ፈልጌ መደወል ነበረብኝ» አለ።

ዶክተር እዚያው ቁጭ ብሎ ለእህቱ ብርቱካን እየላጠ ነበር። አንዲት ቃል ከጉሮሮው ብትወጣ ሰውዬውን ነፃ ታወጣዋለች። አልወጣችም። ብርቱካኑን ላጠ፣ ነጩን ሥር ሳይቀር ለቀመ፣ ቀና አላለም። አፍሯል፤ ግን እፍረቱ እንዲናገር ሳይሆን ዝም እንዲል ነው ያደረገው። ሲወጣ አክስትየዋ በሩ ድረስ ሸኝተው «ዶክተር፣ ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁት፤ እሱም አሜን አለ።

ላብራቶሪው ውስጥ ግን አላስችል አለው። በአንድ ጥግ ከሌላ ላብራቶሪ የተረፉ፣ ለሙከራ ሳይውሉ አርጅተው ሊወገዱ የደረሱ አይጦች ነበሩ፤ ወፍራም፣ ሰነፍ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ግፊታቸው የናረ። እነሱን ለምኖ ወሰደ። አንዷን ባልደረባውን ደግሞ፣ ለየትኛው ምን እንደተወጋ ሳይነግራት፣ በሱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንድትፈርድ ጠየቃት። ስትሮኩን ሰጥቶም ወዲያው አልወጋም። እጁ ወደ መርፌው እየሄደ፣ እየመለሰው፣ ጋሼ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሞ የዋለበትን ያህል ጠበቀ። ከዚያ ወጋ።

ውጤቱ መጣ። መድኃኒቱንና ውኃውን የሚለየው ነገር አልነበረም። ያ ተአምረኛ መድኃኒት ውኃ ነበር።

ወደ ፕሮፌሰሩ ይዞት ገባ። ተስፋ ሰጪው ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አውልቀው አዩት።

«እነዚህ አይጦች እኮ በሽተኞች ናቸው!» አሉ።

«አዎ።»

«አሮጌዎች ናቸው! መድኃኒቱም ዘግይቶ ነው የተሰጣቸው!»

«አዎ ፕሮፌሰር።»

«ታዲያ እንዴት ይድናሉ? በበሽተኛ ላይ ማን መድኃኒት ይሞክራል?» አሉና ራሳቸው የተናገሩት ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ መነጽራቸውን አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። «ይህን የሚያትም መጽሔት የለም። ግን የሚቀጥለው ጉባኤ ላይ አቅርበው፤ ርዕሱ ለምን ወደ ሰው አልተሻገረም የሚል ነው።»

እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ነበር። ሁሉም አለ፤ አክስትየዋም አሉ። ጋሼ ሳህን እያቀረበ፣ ሳህን እያነሣ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም። ወሬው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ከዘመዶቹ አንዱ ማንኪያውን አስቀምጦ ያችኑ ጥያቄ አመጣት።

«ዶክተር፣ አያድርገውና ደግሞ ሌላ ሰው ቢይዘውስ? ምን እናድርግ?»

እንደዚያ ቀን ሁሉም ዓይን ወደሱ ዞረ። እህቱም ታየዋለች፤ ከመኪናዋ በላይ ያ አይጥ የያዘበት ፎቶ እንደተሰቀለ ነው።

«ሆስፒታል» አለ። «ወዲያው። ለኔ አትደውሉ።» ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ያን ቀንም ለኔ መደወል አልነበረባችሁም። ጋሼ ያደረገው እኔ አድርግ ያልኩትን ነው፤ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። የኔ ነው። መድኃኒትም የለኝም። አይጡ የዳነው አይጥ ስለሆነ ነው።»

አክስትየዋ የጎረሱት አፋቸው ውስጥ ቀረ። ጋሼ ሳህን እንደያዘ ቆመ።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አለው።

«ዶክተር መባሉ ስለጣመኝ።»

ጋሼ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፤ ቆየ፤ ውኃ ሲፈስ ይሰማል። ይቅር አለው ወይ ለሚል ሰው፣ ያን ዕለት አላለውም። ተመልሶ ሲወጣ አንድ ትሪ ደረቅ ባቄላና አንድ ኩባያ ይዟል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችው ልምምድ ነው፤ ባቄላውን በቀኝ እጅ እያነሡ ኩባያ ውስጥ መክተት። ትሪውን ሚስቱ ፊት አስቀመጠና በርጩማ ስቦ ለሰውዬው በእግሩ ገፋለት።

«ና ተቀመጥ። እኔ ሁልጊዜ ያዘች እላለሁ፤ ልጄ ደግሞ አልያዘችም ትለኛለች። አንተ ፍረድ።»

ተቀመጠ። ሳያስበው አንገቱ ሰገገ። እህቱ ቀኝ እጇን ከጭኗ አነሣች፤ እጁ ወደ ትሪው ሄደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቹ አንዲት ባቄላ ላይ ተከደኑ። ባቄላዋ ብድግ አለች። ከኩባያው ከንፈር ላይ ስትደርስ ሾለከች፤ ግራ እጇ ከየት መጣ ሳይባል ቀልቦ ወደ ውስጥ ገፋት። ባቄላዋ ኩባያው ውስጥ ቋ ብላ ወደቀች።

«ያዘችው!» አለ ጋሼ። «ያዘችው አይደል?»

ቤቱ በሙሉ ወደሱ ዞረ። ሁሉም አዎ እንዲል ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ግን እሱ ነው። በሕይወቱ እንደዚያች ባቄላ የፈለገው ነገር የለም። ይዛት ነበር እኮ፣ አመለጠቻት እንጂ።

«አልያዘችውም» አለ፤ ዓይኑ ውኃ ሞልቶ። «በግራ እጇ ነው የገፋችው።»

አክስትየዋ በቁጣ ከንፈራቸውን መጠጡ። እህቱ ግን ረዘም አድርጋ አየችው። አፏ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ቃሉን ፈለገው፣ አጣው፣ ደግሞ ፈለገው። ሁሉም «እምቢ» ልትል ነው ብሎ ጠበቀ።

«ገና» አለች። በጎባጣ አፏም ፈገግ አለችና «ገና ነው፣ ሚጢጢ» አለችው።

ከዚያ ግራ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ቀኙን እንደገና ወደ ባቄላው ሰደደች።